ለእድር ጸሐፊዋ አክስቴ የምትሆን ትንሽ ኮምፒውተር፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። 66 ዓመታቸው ነው። የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው።

የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮውን፣ ቅጣቱን፣ ለማን ምን እንደተከፈለ፣ ሁሉንም በአንድ ሰፊ መዝገብ ላይ በእጃቸው ነው የሚጽፉት። የመዝገቡ ጠርዝ ተበልቷል። አንዳንዱ ገጽ በፕላስተር ተያይዟል። ለፋሲካ ስሄድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የአንድ ሰው ስም ሲፈልጉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ኮምፒውተር ላዘጋጅላቸው የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም። በአማርኛ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ማተም፣ ሜሪላንድ ካለችው ልጃቸው ጋር እየተያዩ ማውራት፣ ማታ ማታ ስብከት ማየት። ቤቱ ጠባብ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። መብራት ደግሞ ይሄዳል ይመጣል። ትልቅ ሳጥን አልፈልግም፣ ብዙ ገንዘብም የለኝም። ምን ልግዛ? ምን ልገጣጥም?

ይሄን ከጻፍኩ 3 ሳምንት ሆነው። 34 መልስ መጣ። ክሩ (ጥያቄው ከነመልሶቹ) ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስላቃተው፣ የተባለውን በቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው። ያልተስማማሁበትንም እናገራለሁ።

መልስ 1 የመጣው ወዲያው ነው። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ለአክስቴ ረጅም ዕድሜ ተመኘላቸው፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። አዲስ ነገር ከምፈልግ ከቢሮ የወጣ ሚኒ ፒሲ እንድገዛ መከረኝ። ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ኤሊትዴስክ ሚኒ የሚባሉትን ማለቱ ነው። ሦስቱም ስፋታቸው 18 በ18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ውፍረታቸው ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ከጥቂት ዓመት በኋላ በጅምላ ይቀይሯቸዋል፣ ከዚያ ስላሽ (ያገለገለ ዕቃ) ሆነው እኛ ጋ ይደርሳሉ። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ፋይል የሚቀመጥበት ዲስኩ በቀላሉ ስለሚቀየሩ ደግሞ ግማሹን ሥራ ራሴ መሥራት እንደምችል ነገረኝ። እውነት ለመናገር ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እንኳ ብዙ ተጠቅሜ ነበር።

ቁጥር 2 ላይ የመጣው ሰው ግን ኮምፒውተሩ ራሱ አያስፈልግም ባይ ነው። ለእናት ለአክስት ታብሌት ይበቃል፣ ልጃቸውንም ያዩበታል፣ ስብከቱንም ያዳምጡበታል የሚል ሐሳብ አመጣ። ቁጥር 3 የሆነች ሴት በእርጋታ አረመችው። እሷም ለእናቷ ታብሌት ገዝታ ነበር። ለማየትና ለማውራት ደስ ብሏቸው ተጠቀሙበት፣ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው አንዷን ሳጥን ሲነካ ሌላዋ እየተከፈተች አስመረረቻቸው። በዚያ ላይ እኔ የጠየቅኩት ስለ እድር መዝገብ እንደሆነ አስታወሰችው።

በጣም ያስቸገረኝ ቁጥር 4 ነው፤ ክርክሩ ጠንካራ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል ነው ነገሩ። ካሜራው አለው፣ ማይኩ አለው፣ ዋይፋዩ አለው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዘዋል። ሚኒ ፒሲ ከገዛሁ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስገዛ ርካሽ ያልኩት ውድ እንደሚሆንብኝ አስጠነቀቀኝ። ለሦስት ቀን ሐሳቤን ቀይሬ ነበር ማለት ይቻላል። ቁጥር 5 ግን የስላሽ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ከራሱ አንስቶ ተናገረ። ስክሪኑም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለአንገት አይበጅም፤ በ66 ዓመት በ14 ኢንች ስክሪን ላይ የስም ዝርዝር ማንበብ ልፋት ነው። ቁጥር 6 ሊያስታርቅ ሞከረ፦ ላፕቶፑን ገዝቶ ትልቅ ሞኒተር ላይ መሰካት። ቁጥር 4 ተመልሶ መጣና ሰው ሁሉ ለራሱ የሚያምረውን ነው የሚገዛው ብሎ ተቆጣ። እኔ አልተቀየምኩትም። በትክክል ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ዘመድ ያለው ሰው የእሱን ምክር ይያዝ።

7ኛው ራስበሪ ፓይ የሚባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር ወዳድ ነው። ፓይ 5 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋ ራሙ 60 ዶላር እንደነበረ፣ ከሱ በፊት የወጣው ፓይ 400 ደግሞ ጠቅላላ ኮምፒውተሩ ኪቦርዱ ውስጥ እንደተሠራ አስረዳ። ይሄ ሁለተኛው ልቤን ወስዶት ነበር፤ ለዚያች ጠባብ ጠረጴዛ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ቁጥር 8 ሒሳቡን አወራረደው። ለፓይ 5 ባለ 27 ዋት ቻርጀር ይመከራል፣ ለስክሪኑ ተራውን ሳይሆን ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ገመድ ይፈልጋል፣ ሜሞሪ ካርድ ይፈልጋል፣ ማቀፊያ ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው መብራት ድንገት ሲሄድ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ መቻሉ ነው። ቁጥር 7 ይሄን ነገር የሚያወሩት ፓይ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ናቸው ብሎ መለሰ። ቁጥር 8 ሦስት እንዳለው ጻፈ። ቁጥር 9 ሁለቱንም ተዉ አላቸውና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ የአክስቴ ፓይ ቢበላሽ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይከፍተዋል? ለዚህ መልስ የሰጠ የለም።

ቁጥር 10ን ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። መገናኛም ሂድ መርካቶ፣ ሻጩ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ) ኮር አይ 5 ነው ይልሃል፣ አለቀ። ኮር አይ 5 ግን የ15 ዓመትም አለ፣ የቅርብ ጊዜም አለ። መታየት ያለበት ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 2400 ከሆነ 2ኛ ትውልድ ነው። 6500 ከሆነ 6ኛ። 8500 ከሆነ 8ኛ። መጨረሻ ላይ ቲ የምትል ፊደል ካለች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 35 ዋት አካባቢ የሚወስድ የትንሽ ሳጥን ዓይነት ነው ማለት ነው። ሻጩ ቁጥሩን ካልነገረህ ኮምፒውተሩን አስነስተህ ራስህ እንድታየው ይመክራል።

11 ላይ አንድ ሻጭ ገባ፣ ዋጋ ዘረዘረ፣ የእሱ ዕቃ ብቻ ንጹሕ እንደሆነ ተናገረ። ቁጥር 12 በኃይለ ቃል ያዘው፤ ከዚያ ሰው የገዛው ዲስክ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሠራ ሲያየው ደንግጦ እንደነበረ ጻፈ። ሁለቱ መሰዳደብ ሲጀምሩ አስተዳዳሪው የተወሰነውን አጠፋው። ከዚያ ጠብ የቀረልኝ ጠቃሚ ነገር፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ዲስኩን ከመክፈል በፊት ማየት ነው። ሌላም ሰው በ2015 የገዛበትን ዋጋ እየጠቀሰ ተወደደ ብሎ ሲያማርር ነበር። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ዋጋ ለማንም አይጠቅምም፤ ክሩ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ዋጋዎች እዚህ ያላመጣኋቸው ለዚህ ነው።

13ኛዋ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ናት። ሚኒ ፒሲው ክብደቱ ከ1 ኪሎ ብዙ ስለማይበልጥ የአክስቴ ልጅ ራሷ ገዝታ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ልትልከው እንደምትችል ጠቆመችኝ። ይሄን ተከትሎ 14ኛው የደረሰበትን ነገረን። ከአሜሪካ የመጣለትን የድሮ ትልቅ ኮምፒውተር ከጀርባው ያለችውን ቀይ የቮልት መቀየሪያ ሳያዞር ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ጠሽ ብሎ ጭስ ወጣ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ዛሬ ሚኒዎቹ የሚመጡበት አዳፕተር ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ሶኬት መቀየሪያዋን ብቻ መሰካት ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚይዘው) እና ስታብላይዘር (የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለው) ግን ከአሜሪካ ማስመጣት ብር መጣል ነው።

የዊንዶውስን ነገር 15 እና 16 ተካፈሉት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ዝመና ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የቁጥር 10 ምክር እዚህም ይሠራል፤ 6ኛና 7ኛ ትውልዶቹ ርካሽ የሆኑት በከንቱ አይደለም። ቁጥር 16 በበኩሉ ርካሹን ገዝቼ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓት እንድጭንበት ለመነኝ። ነፃ ነው፣ 22ኛው እትም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው፣ ቴሌግራምም ይሠራበታል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ እኔም ቤቴ ሚንት ነው የምጠቀመው። ለአክስቴ ግን ያልመረጥኩት በቁጥር 9 ጥያቄ ምክንያት ነው። ጎረቤታቸው ያለው ልጅ ዊንዶውስ ያውቃል፤ ሲቸግራቸው ሮጦ የሚደርስላቸው እሱ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ።

17ኛው የራሴ ነው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ድሮ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ በፍላሽ ተቀምጧል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆነብኝ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። 18 ላይ አንድ አዋቂ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ አብራራልኝ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት መለያ) የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በለመዱት ቀጠሉ። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው፤ የተጻፈበትን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጫንኩት፣ ደንቡ ከነአንቀጹ ብቅ አለ። ይሄን ሰው ስሙን ባላውቀውም እግዚአብሔር ይስጠው። አዲሱን ጽሑፍ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ እንድጽፍ፣ ስልክ ላይ እንደለመድነው ድምፁን በላቲን ፊደል በመተየብ እንደሚሠራም ጨመረልኝ።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 19 ስም ፍለጋ ላይ ችግር እንደሚገጥመኝ አስጠነቀቀ፤ አንዱን ሰው ኃይሉ ብለው ጽፈው ሌላ ቀን ሀይሉ ብለው ቢፈልጉት ኮምፒውተሩ የለም ይላል። እውነት ነው። ግን ከ20 እስከ 24 ያሉት ሰዎች ኮምፒውተሩን ረስተው በፊደሉ ተጣሉ። አንዱ ፀሐይ በፀ፣ ጸሎት በጸ ካልተጻፈ ቋንቋው ጠፋ ባይ ነው። ሌላው ድምፁ አንድ ከሆነ አንዱ ፊደል ይበቃል ባይ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ያልተማሩ አላቸው። አምስት መልስ በዚህ አለቀ። እኔ በግሌ ፊደሉ በየቦታው ቢቀመጥ ነው ደስ የሚለኝ፣ የእድር አባል ስም ግን ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ መጻፍ አለበት። ቁጥር 25 በሁለት መስመር አሳረፈን። እድሩ ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር ሰጥቶ የለም ወይ? በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ይፈለግ።

26 ስለ መብራት ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን ሒሳቡን በግልጽ አስቀመጠው። የተለመደው ባለ 650 ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይመጣል። ከዚያ በሥራ ላይ የሚደርሰን ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የድሮ ትልቅ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ከ100 ዋት በላይ ከወሰደ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሚኒው 15፣ ስክሪኑ 20 ቢወስዱ ግን አንድ ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ለእኔ ከራምና ከፍጥነት ይልቅ ሚኒውን ያስመረጠኝ ይሄ ነው። ባትሪው በ2 ወይም በ3 ዓመት እንደሚደክምና ብቻውን እንደሚቀየርም ነግሮናል።

27ኛው አዳማ ላሉት አባቱ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ አድርጎላቸዋል፤ ማብሪያዋን መፈለግ ስለቸገራቸው። 28 ላይ የጻፈችው ሴት በዚህ አልተስማማችም፤ አነጋገሯም ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነበር። መብራት በ5 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመለስበት ሰፈር፣ ያውም ሲመለስ ከፍ ብሎ በሚመጣበት፣ ፍሪጁን ከሶኬት እየነቀልን ኮምፒውተሩን በራሱ እንዲነሳ መተው ምን ማለት ነው? እኔም የእሷን ያዝኩ። ማብሪያዋ አጠገብ አረንጓዴ ስቲከር ለጠፍኩ፣ አክስቴ ያችን ይዘው ያገኟታል።

29ኛው ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ኮምፒውተር ይግላል የሚል ስጋት አነሳ። ሳሳ ያለ አየር በመጠኑ ያነሰ ያቀዘቅዛል፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክም ብዙውን ጊዜ የተፈቀደለት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ) ግን ይሄ ሁለተኛው አያሳስብም፤ የደብሬ ብርድ ደግሞ የመጀመሪያውን ያካክሳል። ቁጥር 30 የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ እውነተኛውን ጠላት ነገረን። ዳንቴል! እናቱ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ ዋይፋዩን ሁሉ በእጃቸው በሠሩት ዳንቴል ያለብሳሉ። ሚኒ ፒሲውንም አለበሱት፤ የአየር መውጫው ተደፈነና ድምፁ እንደ ወፍጮ ሆነ። መፍትሔው ሚኒውን ከሞኒተሩ ጀርባ ባሉት አራት ቀዳዳዎች ማሰር ነው። ዳንቴሉ ከላይ ለስክሪኑ ይቀራል፣ ጠረጴዛውም ነፃ ይሆናል።

31ኛው አጭር ነበር። እስካሁን አክስትህን የጠየቃቸው ሰው አለ ወይ የሚል ነው። አልጠየቅኳቸውም ነበር። ማታውኑ ደወልኩ። ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሌሊት ሰው ቢያርፍና መብራት ባይኖር መዝገቡን በምን ያዩታል የሚለውን ነው። የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ሌሊት ነው፣ ገንዘቡ የሚፈለገውም ጠዋት ነው። ስለዚህ ወር በወር የሚታተም ዝርዝር ኖሮ በአሮጌው መዝገብ ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማማን። ሌላው የጠየቁት ፊደሉ ትልቅ እንዲሆን ነው። ለሦስት ሳምንት ስለ ትውልድና ስለ ጊጋ ስንከራከር ማተሚያው ከሁሉ በፊት እንደሚመጣ ማናችንም አላሰብንም ነበር።

32 ላይ የገዛሁትን አሳወቅኩ። ባለ 8500ቲ ሚኒ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ባለ 22 ኢንች ሞኒተር፣ ካሜራ ከነማይኩ፣ ዩፒኤስ። ከኋላ ያለችውን አንዲት ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። በብሩሽ አነሳሁት፣ ደርቆ የተሰነጠቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ የሰዓቷን ክብ ባትሪ ቀየርኩ። ሁለት ነገር ግን አምልጦኛል። ዋይፋይ ካርድ የለውም፤ ብዙዎቹ የቢሮ ሚኒዎች እንደዚህ ናቸው፣ ስትገዙ ጠይቁ። የስክሪኑም መውጫ ዲስፕሌይ ፖርት ስለሆነ በእጄ ያለው ገመድ አልገባ አለ፣ መቀየሪያ ፍለጋ ሌላ ቀን ወጣሁ። ቁጥር 4 ይሄን ሲያይ አስቀድሞ ነግሮኝ እንደነበረ በ33 አስታወሰኝ። ልክ ነው፣ ነግሮኝ ነበር።

34ኛው ቀለም የሚረጨውን ፕሪንተር ሳይሆን ጥቁርና ነጭ ሌዘር እንድፈልግ ነገረኝ፤ በወር አንዴ ብቻ የሚሠራ ፕሪንተር ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃልና። ያገለገለ አንድ አይቻለሁ። ነገ ጠዋት የአባላቱን ዝርዝር በትልቅ ፊደል አሳትሜበት ልሞክረው ነው፤ ከሠራ ቅዳሜ ሁሉንም ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ።